የሄዱትና ያልመጡት



ባለፈው ቅዳሜ አንድ የድሮ ደንበኛዬ ቤተሰቡን ይዞ ከሳክራሜንቶ መጣ። ኦክላንድ ሳሉ በየሳምንቱ ነበር ምግብ ቤቴ የሚመጡት። ትልቋ ልጁ ዙሪያውን ቃኘችና «ጋሼ፣ የድሮዎቹ ሰዎች የት ሄዱ?» አለችኝ። ሥራ ስለበዛብኝ ሳቅ ብዬ አለፍኳት። ማታ ግን ጥያቄዋ አላስተኛኝም።

ነገሩ የጀመረው ማርች 17 ቀን 2020 ነው። ስድስት የቤይ ኤሪያ ካውንቲዎች፣ የኛው አላሜዳና ሳንታ ክላራ ጭምር፣ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዙ። ለሦስት ሳምንት ነው ተባለ። እኔም ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ፣ ተጠቅልሎ የሚወሰድ ምግብ ብቻ መሸጥ ጀመርኩ።

ሦስቱ ሳምንት ግን አላልቅ አለ። በኮምፒውተር የሚሠራው ሰው «ከቤት መሥራት ከቻልኩ ይህን ሁሉ ኪራይ ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ሄደ። እሱ ሲሄድ ኤርፖርት የሚያደርሰው፣ መኪናውን የሚያቆምለትና ምሳውን የሚያቀርብለት የኛ ሰው ሥራ ፈታ። ስንቱ ዓይኔ እያየ ጓዙን ጭኖ ወደ ሳክራሜንቶ፣ ወደ ላስ ቬጋስ፣ ወደ ዳላስ ሄደ! በ2020 ቆጠራ ሳን ሆዜ 1,013,240 ሰው ነበራት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በቆጠራ ቢሮው ግምት ከ1 ሚሊዮን በታች ወረደች። 440,646 ሰው የነበራት ኦክላንድም ቀነሰች።

ይኼ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ሳይመጡ የቀሩት ናቸው። በዚያው ማርች የአሜሪካ ኤምባሲዎች በየአገሩ መደበኛውን የቪዛ ቀጠሮ አቆሙ። ዲቪ ደግሞ ለዓመቱ ነው፤ ሴፕቴምበር 30 ካለፈ ዕድሉ ይቃጠላል። የእህቴ ልጅ ዲቪ ደርሷት፣ አልጋዋን አንጥፌ ስጠብቃት ቀኑ አለፈባት። አልጋው እስከ ዛሬ አለ።

ሰው ሲቀንስ የሚጎዳው የኔ ገበያ ብቻ አይደለም። በካሊፎርኒያ የትምህርት ቤት ገንዘብ የሚሰላው በሚገኙት ልጆች ብዛት ነው። በ2022 ኦክላንድ ትምህርት ቤቶችን ለመዝጋት ስትወስን አንዱ ምክንያት የተማሪ ማነስ ነበር።

ቪዛው እንደገና ከተከፈተ በኋላ በ2024 ቁጥሩ አንሰራርቶ ነበር። ከዚህ ወደ ሌላ ስቴት የሚሄደው አሁንም ከሚመጣው ይበልጣል። ያኔ ጉድለቱን የሞሉት ከውጭ አገር የገቡት ነበሩ። ስለዚህ አዲስ የመጣ ቤተሰብ ስታዩ እንግዳ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ለልጆቹ ትምህርት ቤቱን አሳዩ፣ ቡና ጥሩት። የሄዱትንም ደውሉላቸው።

ልጆች፣ ለናንተ የቤት ሥራ አለኝ። እናትና አባታችሁ በስንት ዓመተ ምህረት እንደመጡ፣ ማን እንደተቀበላቸው ጠይቁ።

ለዚያች ልጅም መልሴ ይኸው፦ ግማሾቹ እንዳንቺ ሄዱ፣ ግማሾቹ ገና በመንገድ ላይ ናቸው። ወንበሩን አላነሳሁትም።

ቸር ይግጠመን።