ስለ ልብ የሚወራውን ሁሉ አንመን

«ልብ ቢጎዳም ራሱን የሚጠግንበት ዘር በውስጡ አለ፤ ገንዘብ ካለህ ሐኪም ያንን ዘር አብዝቶ ይመልስልሃል» የሚል ወሬ አልፎ አልፎ ይሰማል። ውድ አንባቢያን፣ ወሬው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ከትልቅ ቦታ የመጣ ነው፤ ጉዳቱም የከፋው ለዚህ ነው።

በዕብራይስጥ ታኤ ጌዛ፣ በአማርኛ ግንደ ሕዋስ የሚባሉት ሥራቸው ገና ያልተለየ፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጡ የሚችሉ ሕዋሳት ናቸው። በአጥንታችን መቅኒ ውስጥ አሉ፤ ደማችን የሚታደሰው በእነሱ ነው። በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ ፒዬሮ አንቬርሳ በ2003 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በልብም ውስጥ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት አሉ ብለው ጻፉ። ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ፤ በሕመምተኞች ላይም ተሞከረ። በ2014 ሌሎች ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ሲያጣሩ ግን ከእነዚያ ሕዋሳት የሚወጣው የልብ ጡንቻ ከቁጥር የማይገባ ሆኖ ተገኘ። በ2018 የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትና አንቬርሳ ይሠሩበት የነበረው የቦስተን ሆስፒታል፣ ከላቦራቶሪያቸው የወጡ 31 ጽሑፎች የተፈጠረ ወይም የተጭበረበረ መረጃ ስላለባቸው ይሰረዙ አሉ። በሽተኛው ያን ሁሉ ዓመት ተስፋ ያደረገው በዚህ ነበር!

ታዲያ ልብ ፈጽሞ አይታደስም? ጥቂት ይታደሳል። በ2009 የታተመ የስዊድን ጥናት እንዳሳየው የ25 ዓመት ሰው በዓመት ከልቡ የጡንቻ ሕዋሳት 1 ከመቶ ያህሉን ይተካል፤ በ75 ዓመቱ ግን ከግማሽ ከመቶ በታች ነው። የልብ ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ፣ ሄትኬፍ ሌቭ የሚሉት ማለት ነው፣ በጥቂት ሰዓት እስከ 1 ቢሊዮን ሕዋስ ሊሞት ይችላል። የሞተው ቦታ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ደግሞ ደም አይገፋም። በረሆቮት የዋይዝማን ተቋም የፕሮፌሰር ኤልዳድ ጻሖር ቡድን በ2017 አግሪን የተባለ ፕሮቲን የተጎዳ ልብ እንዲያገግም እንደሚረዳ አሳይቷል። ደስ ይላል፤ ነገር ግን የታየው በአይጥ ነው።

«ውጭ አገር ሄዳችሁ ተወጉ» የሚላችሁ ካለ ደግሞ ይህን አስቡ። በ2009 ሐኪሞች እንደጻፉት፣ በሌላ በሽታ የታመመ አንድ እስራኤላዊ ልጅ ሞስኮ ሄዶ ግንደ ሕዋስ ከተወጋ በኋላ ከሌላ ሰው ሕዋስ የመጣ ዕጢ በአንጎሉና በጀርባው ሰረሰር በቅሎበታል።

ሰጉላ የሚለው ቃል በዕብራይስጥ ፈውስ ወይም ዕድል ያመጣል ተብሎ የሚያዝ ነገርም ማለት ነው። በሰጉላ ፋብሪካዎች ለሚሠራ ወገኔ ግን ከሰጉላ ይልቅ ሰዓት ይሻለዋል እላለሁ። ደረት ሲጨነቅ፣ ሕመሙ ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ ሲሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲያጠምቅ፣ ምች ነው፣ ድካም ነው ብሎ የሥራ ሰዓት እስኪያልቅ መጠበቅ አይገባም። ሴቶችና የስኳር ሕመምተኞች ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሰማቸው ይችላል። ቤሊንሶን ሆስፒታል እዚያው ፔታ ቲቅቫ ነው፤ የተዘጋው የደም ሥር በጺንቱር ይከፈታል። በጓደኛ መኪና አትሂዱ፤ ወደ ማገን ዳዊድ አዶም በ101 ደውሉ፣ ሕክምናው ከአምቡላንሱ ይጀምራልና።

የሰጉላ አሠሪዎችም አንድ ነገር ያድርጉ። በየስልኩ አጠገብ 101 የሚለውን ቁጥርና የፋብሪካውን መንገድና ቁጥር በአማርኛና በዕብራይስጥ ጽፈው ይለጥፉ። ዕብራይስጥ ገና ያልለመደ ሰው በዚያ ሰዓት አድራሻ የሚያነብበት እንዲያገኝ።