ቦንድ ደማ፤ የእኛስ ጆሮ ጠቢ?

ሰላይ አይሳሳትም፣ አይደማም፣ አያለቅስም ያለን ማነው? ፊልም ነዋ! እኛም አምነን ተቀበልን። ጄምስ ቦንድ የሚባለው የእንግሊዝ ሰላይ ከ1955 ዓ.ም ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው የምጠራው) ከገደል ተወርውሮ ክራቫቱ ሳይጣመም ሲነሳ እያየን አጨብጭበናል። በ1995 ዓ.ም በወጣው ፊልም ላይማ ጭራሽ የማይታይ መኪና ሰጡት። ከዚህ ወዲያ ምን ይስጡት? የቀረው ክንፍ ነው።

የፊልሙ ባለቤቶችም ተረቱ ልክ ማለፉ ሳይገባቸው አልቀረም። የድሮውን ዘግተው በኅዳር 1999 ዓ.ም «ካዚኖ ሮያል» ብለው ከሀ ጀመሩት። ዳንኤል ክሬግ የሚባል ፀጉሩ ወርቃማ የሆነ ተዋናይ አመጡ። ገና ስሙ ሲጠራ የእንግሊዝ ጋዜጦች «ቦንድ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፀጉሩ ወርቃማ የሆነው?» እያሉ ተሳለቁበት። ፊልሙ ወጥቶ ገንዘቡን ሲዝቅ ግን ምላሳቸውን ሰበሰቡ።

ይህን ጉዳይ እንዳነሳ ያደረገኝ ሎንዶን አይደለም፤ አሊዩ አምባ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወርዱ ካለችው ከዚያች የአርብ ገበያ ከተማ። «አሊዩ አምባና ጄምስ ቦንድ ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ፊልም ዛሬ አስፋልት አይጠብቅም፤ አንዱ ሸዋ ሮቢት ወርዶ በፍላሽ ወይም በሜሞሪ ያስጭናል፤ ከላዩ ላይ አማርኛ ተርጓሚው ሲያወራ ሠፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ያያል። ከዚያ ሙግት ነው።

አንዱ ጫት ነጋዴ ወጣት አዲሱን ቦንድ አልወደደውም። «በሴት ተከድቶ፣ ተገርፎ፣ አለቃው ስትሞት እያለቀሰ፣ ይሄ ምኑ ነው ሰላይ? ወላሂ የኛ ሠፈር ጎረምሳ ይሻላል!» አለ። አንድ አስተማሪ ደግሞ ተቃወመው። «የድሮው እኮ የሕፃን ልጅ ተረት ነው። ይሄኛው ሲመቱት ያመዋል፤ ጠላቱም ያሸባሪ ገንዘብ የሚያገላብጥ ባለ ባንክ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አለም አይደል?» አለው።

የሁለቱንም ሙግት አፍ ያስያዙት ግን ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ካዚኖ ሮያል» ላይ ቦንድን ራቁቱን መቀመጫው በተቦደሰ ወንበር ላይ አስረው ሲገርፉት፣ እሱ ይስቃል፤ ይቀልዳል። ወጣቶቹ እዚህ ጋ ይስቃሉ አሉ። ሽማግሌው አልሳቁም። «ልጆቼ፣ ወፌ ላላ ላይ ያለ ሰው አይቀልድም። በስልሳ ዘጠኝና በሰባ ዓመተ ምሕረት ያየነውን እናውቃለን። እናቱን ነው የሚጠራው» አሉና ዝም አሉ። ቤቱም ዝም አለ።

እኔ ከሽማግሌው ወገን ነኝ፤ ግን አስተማሪውንም አልጥለውም። አዲሱ ቦንድ ከድሮው የሚሻለው ስለደማ ብቻ አይደለም። ስህተቱ በግልጽ ስለሚታይ ነው። ገና በመጀመሪያው ፊልም ማዳጋስካር ላይ ኤምባሲ ሰብሮ ይገባና መሣሪያ ያልያዘ ሰው ይገድላል፤ ካሜራ ይቀርጸዋል፤ ጋዜጣ ያወጣዋል፤ አለቃውም ታፋጥጠዋለች። በ2005 ዓ.ም በወጣው «ስካይፎል» ላይ ደግሞ ራሷ የስለላው አለቃ አጣሪ ጉባኤ ፊት ቀርባ፣ አንዲት ሚኒስትር በጥያቄ ስትወጥራት እናያለን። የሰላይ አለቃ ተጠርታ ስትጠየቅ! ይህን አሊዩ አምባ ላይ የሚያይ ሰው ምን ይሰማዋል? ለእኛ ከማይታየው መኪና ይልቅ ተአምር ይህ ነው።

ሆኖም ፊልሙን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ያቺን ጠያቂ ሚኒስትር ነዝናዛ አድርጎ ነው የሚያቀርባት። ጥያቄዋ ሳያልቅ ጠላት በር በርግዶ ገብቶ ተኩስ ይከፍታል፤ ተመልካቹም «አያችሁ? ሰላይን መጠየቅ ቅንጦት ነው!» ብሎ እንዲወጣ ይደረጋል። ብልጠቷ እዚህ ጋ ናት። ቦንድ ቢደማም ቢያለቅስም፣ መጨረሻ ላይ የሚያስወድደን መሥሪያ ቤቱን ነው። ያኛው በክራቫቱ አሳመነን፤ ይሄኛው በእንባው።

እንግሊዝ ሰው ስትልክ ደግሞ ለአሊዩ አምባ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1833 ዓ.ም ክረምት ካፒቴን ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ የሚባል መኮንን ከቦምቤይ ተልኮ፣ ከታጁራ በበረሃው ተጉዞ፣ በዚህችው በሲራራ ነጋዴ ከተማ በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወጥቷል። ስጦታ አመጣ፤ በኅዳር 1834 የወዳጅነትና የንግድ ውል አስፈረመ። ሰላይ ነው ብዬ አልፈርድበትም፤ በይፋ የመጣ መልእክተኛ ነው። ግን መንገዱን፣ ገበያውን፣ የንጉሡን ጦር አንድ በአንድ ጽፎ ሄደ። አገሩ ሲመለስ «ሰር» ተባለ፤ ያየውንም በሦስት ቅጽ አሳተመው። የተጻፈባቸው የአሊዩ አምባ ነጋዴዎችስ? ማን ምን እንደጻፈባቸው ሳያውቁ አሞሌያቸውን እየቆጠሩ ቀሩ። መታየት ማለት ይሄ ነው። ስለ አንተ ይጻፋል፤ አንተ አታነበውም።

የውጪው እንኳ ይቅር፤ የራሳችንስ? በንጉሡ ጊዜ ነጭ ለባሽ ነበር። በደርግ ጊዜ የሕዝብ ደህንነት ሚኒስቴር ተባለ። በኢሕአዴግ ጊዜ የመረጃና ደህንነት ተባለ፤ ሰው ማዕከላዊ ገብቶ ጥፍሩ ተነቅሎ ወጣ። በሰኔ 2010 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ፓርላማ ቀርበው መንግሥት ሰው ማሰቃየቱን በአንደበታቸው አመኑ። ማዕከላዊም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ደስ አለን፤ አልዋሽም። ነገር ግን ቤት መዝጋትና ጠባይ መዝጋት ይለያያሉ። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ስንቱ ሰው በጅምላ ተለቅሞ ለወራት ያለ ክስ እንደታሰረ የምናውቀው ነው።

አሁን ወደ ጫት ነጋዴው ልመለስ። ልጁ የማይደማውን ሰላይ የወደደው ለምን ይመስላችኋል? የኖረበት ስለሆነ ነው። እኛ አገር ጆሮ ጠቢ ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያያል፣ አይሳሳትም ተብሎ ይታመናል። ሁለት ሰው ቡና ላይ ተቀምጦ ሦስተኛው ሲመጣ ወሬ የሚቀየረው በዚህ እምነት ነው። ያ የታፈረ ጆሮ ጠቢ ግን እንደ ማንም ሰው ነው። የጎረቤት ቂም ይዞ ይጽፋል፤ ያልሰማውን ሰማሁ ይላል፤ አበሉ እንዳይቀርበት ወሬ ይፈጥራል። እሱ ሲሳሳት የሚደማው ሌላ ሰው ነው። አይሳሳትም ብለን እስካመንን ድረስ ደግሞ ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቀውም። ስለዚህ ለልጁ የምለው፣ ወንድሜ፣ የሚያለቅሰውን ቦንድ ደግመህ እየው። እንድታዝንለት አይደለም። ሰላይ ሰው መሆኑን እንድታውቅ፣ ሰው ደግሞ እንደሚጠየቅ እንድታስታውስ ነው።

ቦንድ በ2014 ዓ.ም በወጣው ፊልም ሞተ። ሞተ ማለት ግን አበቃ ማለት አይደለም። በየካቲት 2017 አማዞን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የፊልሙን አዛዥነት ተረከበ፤ ዴኒ ቪልነቭ የተባለው ካናዳዊ ዲሬክተርም በሰኔ ተሰየመ። እንደገና ከሀ ሊጀምሩ ነው። ፈረንጅ ፊልሙ ሲበላሽበት ባሕርይውን ቀይሮ ይጀምራል፤ ተመልካች ካልወደደለት ገንዘብ እንደማያገኝ ያውቃልና። እኛ ዘንድ የሚቀየረው ታፔላው ነው። ነጭ ለባሹ ሄደ፣ ደህንነቱ መጣ፣ ደህንነቱ መረጃ ሆነ፤ ጆሮው ያው ጆሮ ነው። እኛ ደግሞ ትኬት ቆርጠን የገባን ተመልካቾች አይደለንም፤ አልወደድነውም ብለን ወጥተን አንሄድም። መውጫ በር ከሌለን ቢያንስ መጠየቂያ በር ይኑረን። የደህንነት ኃላፊ የሕዝብ ተወካዮች ፊት በግልጽ ቆሞ «ማንን አሰርክ? በምን ማስረጃ? ማንስ ተገረፈ?» ተብሎ ሲጠየቅ ያየን ቀን፣ ያኔ እኛም እንደ አዲስ ጀመርን እንላለን። እስከዚያው በፍላሽ የሎንዶኖቹ ሲጠየቁ እያየን እንቅና።

ቸር ይግጠመን!