ከሜዜዲሚ ሕንፃዎች ለመርሳና ለወልድያ የሚተርፍ

በሰሜን ወሎ ከተሞች አዲስ ሕንፃ ሲቆም ባለቤቱ ይታወቃል፣ ተቋራጩም ይታወቃል፤ ንድፉን ማን እንዳወጣው ግን የሚጠይቅ የለም። ጠያቂ ስለሌለም ለሌላ ቦታ የተሳለ ፕላን ተገልብጦ መርሳ ላይ ይተከላል። ለዚህ ልማድ መድኃኒቱ ያለው በጣሊያናዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ልንወስድ የሚገባን የሕንፃዎቻቸውን መልክ ሳይሆን የአሠራራቸውን መንገድ ነው።

ሜዜዲሚ አስመራ የገቡት ገና ወጣት ሳሉ በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ሙያቸውንም ያዳበሩት እዚያው ነው። አዲስ አበባ ላይ ስማቸውን የተከለው በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። ይህን የሚያህል ሕንፃ በ18 ወራት ገደማ አለቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 1955፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። ለእኔ ከፍጥነቱ ይልቅ የሚበልጠው ለሠዓሊው ለአፈወርቅ ተክሌ የተሰጠው ስፍራ ነው። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚያሳየው የባለቀለም መስታወት ሥራቸው 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ይህን የሚያህል ግድግዳ ለብርሃንና ለሠዓሊ የሚተወው ገና ሲነደፍ ያሰበበት ሰው ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የእሳቸው ነው። ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ሆኖ ቁልቁል ወደ ለገሃር ይመለከታል፤ ከቦታው ቢነቀል ትርጉሙ ግማሽ ይሆናል። በሁለቱም ሕንፃዎች መሬቱና የአገሩ ባለሙያ ከንድፉ እኩል ተቆጥረዋል።

የወሎ ሰው ግን ጣሊያንን በመምህርነት ለመቀበል ቢያመነታ አልፈርድበትም። ኅዳር 1928 ደሴ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድባለች፤ የቀይ መስቀል ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ሜዜዲሚም አስመራ የደረሱት ቅኝ ገዢው መንግሥት በከፈተው መንገድ ነው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ሆኖም የአፍሪካ አዳራሽን ያሠራው ነፃ የወጣ አገር ነው፤ ምን እንደሚሠራና ለማን እንደሚሠራ የወሰነውም ያው አገር ነው። ወራሪ የሚሠራው ለራሱ አገዛዝ ነው፤ ይህኛው ግን የአፍሪካ መሪዎች ስለ ነፃነት የሚመክሩበት ቤት ሆነ። ሙያውን ከወረራው ለይቶ መውሰድ ደግሞ አቅም ነው እንጂ ውርደት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ያ የንጉሠ ነገሥት ግምጃ ቤት የከፈለው ሥራ ነው፣ መርሳ ያለችበት ሀብሩ ወረዳ ከየት ያመጣል ይባላል። ለትልቅ ነገር አቅም የለም እንዳይባል፣ ወልድያ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. አስመርቃለች፤ ያን ያደረገው የአንድ ባለሀብት ገንዘብ ነው ቢባልም እውነት ነው። እኔ የምጠይቀው ግን ገንዘብ የሚጨምር ነገር አይደለም። መርሳ ሞቃት ናት። ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል የሚመታውን ፀሐይ በመስታወት ግድግዳ የተቀበለ ሕንፃ ውስጡ ምድጃ ይሆናል፤ ከዚያ ማቀዝቀዣ ይገዛል፣ መብራት ሲጠፋም ሠራተኛው ደጅ ይወጣል። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ክረምት ላይ መምህሩ ቢጮህም አይሰማም። ሕንፃውን ወደ ሰሜንና ደቡብ ማዞር፣ ሰፊ በረንዳ ማውጣት፣ መስኮቶችን ትይዩ አድርጎ ነፋስ ማስተላለፍ የሚጠይቀው ከአሸዋና ከሲሚንቶ በፊት ማሰብን ነው። የላስታ ሰው ባካባቢው ድንጋይ ክብና ባለ ፎቅ ቤት ሲሠራ የኖረው ከማንም ፕላን ገልብጦ አልነበረም።

ነገሩ ዛሬ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በወልድያና በመርሳ ሲያልፍ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። መልሶ የሚገነባው ሁሉ ለሁለት ትውልድ ይቆማል። የአፍሪካ አዳራሽ ከስልሳ ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ ታድሶ ጥቅምት 2017 ዳግም የተከፈተው ሊታደስ የሚገባው ሆኖ ስለተሠራ ነው። ስለዚህ የሀብሩ ወረዳና የወልድያ ከተማ አስተዳደሮች ለሚቀጥለው ትምህርት ቤት ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት ቦታውን ረግጦ ያየ አርክቴክት ይቅጠሩ፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መምህራንንም ያማክሩ፤ የነዳፊውን ስም ከተቋራጩ ስም ጎን በሰሌዳው ላይ ያስጽፉ።