«ጓርኒሲዮን በልቷል» ከማለታችን በፊት

ከሹምሸሃ ኤርፖርት ወደ ላሊበላ ከተማ የሚያወጣውን ዳገት የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ርቀቱ ሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ኤርፖርቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ከተማው 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የተሰቀለው። ይህን ዳገት ሰው የጫነ አሮጌ ሚኒባስ በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ ሲወጣው ምን እንደሚፈጠር ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የፊት ወንበሩ ተነስቶ፣ እንፋሎቱ እየተትጎለጎለ፣ ረዳቱ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ሲሮጥ ያላየ ማን አለ?

የዛሬው ጽሑፌ መነሻም እንዲህ ያለች አንዲት መኪና ናት። ባለ 3ኤል ሞተር ቶዮታ ሃይኤስ፣ የአጎቴ መኪና። ድሮ ቱሪስት ትጭን ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ቆመች። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ ግቢ ውስጥ ሸራ ተጥሎባት ተረሳች። ከዚያም ወዲህ አንድ ሰሞን ስትሠራ፣ አንድ ሰሞን ስትቆም ነው የኖረችው። ራዲያተሯ ውስጥ የነበረው ኩላንት አልነበረም፤ ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ነው። ወር ሙሉ የቆመ ወጥ እንኳ ድስቱን ያበላሻል፤ ዓመት የቆመ የወንዝ ውሃማ ብረቱን ያዝገዋል፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ጎማውን ያደርቀዋል።

መኪናዋ እንደገና ሥራ ስትጀምር ዳገቱ ላይ መፍላት ጀመረች። አጎቴ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዷት። እኔም ያኔ ለትብብር ሥልጠና እዚያው ጋራዥ ነበርኩ። መካኒኩ ሞተሩ እንደጋለ «ክፈተው» አለኝ። ከፈትኩት። የፈላው ውሃ ግራ እጄን ላጠው፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። መካኒኩ ጨርቅ ወርውሮልኝ ወደ ራዲያተሩ ጎንበስ አለና የሚንቦጫረቀውን አረፋ አየ። «ጋሼ፣ ጓርኒሲዮን በልቷል። ቴስታታው መውረድ አለበት» አላቸው። አጎቴ ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተ ተማሪው፣ እውነት ነው?» አሉኝ። እኔም እጄን እየነፋሁ «አዎ» አልኩ። ምን አውቄ!

አጎቴ አንድ በሬ ሸጡ። ቴስታታው ወረደ፣ ተላገ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባለት። በዚያው ላይ «ቴርሞስታት ለዚህ አገር አያስፈልግም፣ ሙቀት ያፍናል» ተብሎ ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጣለ። ነቅዬ የጣልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋ እዚያው ዳገት፣ እዚያችው ኩርባ ላይ ፈላች።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በዚያን ቀን ከአጎቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። ውሃው በትርፍ ቱቦው እየተረጨ ሲወጣ የሙቀት ጌጁን አየሁት። መርፌው መሐል ላይ ነው! ሞተሩ አልጋለም፤ ውሃው ግን ፈልቷል። ይህ እንዴት ይሆናል ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላስል አደርኩ። መልሱ አንደኛ ዓመት ላይ በፊዚክስ ተምረን ፈተናው ሲያልፍ የረሳነው ነገር ሆኖ ተገኘ።

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። በላሊበላ ከፍታ ግን በ92 ገደማ ይፈላል። ጋሸና ላይ ከዚያም ባነሰ። ይህን የሚያካክሰው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ብዙዎቹ ክዳኖች ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ውስጡን በዚያ ግፊት አፍኖ ይይዝና የመፍያውን ነጥብ እኛ አገር ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ቴርሞስታቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በ82 መከፈት ይጀምርና በ95 አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። እንግዲህ አስሉት። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ፣ የላስታ መኪና ገና ጤነኛ ሙቀቷ ላይ ሆና ትፈላለች። ጂቡቲ ወደብ ላይ ብትሆን ያው የሞተ ክዳን ስምንት ዲግሪ ያህል ይቅር ይላት ነበር። እኛ ጋ ግን ይቅርታ የለም። አየሩም ሳስቷል፤ አንድ ዙር የፋን ንፋስ የሚወስደው ሙቀት ከቆላው ያነሰ ነው።

የአጎቴ መኪና ክዳን ጎማው እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጣጥቆ ነበር። ያንን ክዳን በእጄ ይዤ ነበር እኮ! እጄን ያቃጠልኩት እሱን ስከፍት ነው። ግን አላየሁትም፤ ማንም «እየው» አላለኝም።

ክዳኑ ተቀየረ፣ መፍላቱም ቆመ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ወደ ጋሸና በሚወስደው ረጅም ዳገት ላይ ደግሞ አሁን የጌጁ መርፌ ራሱ ወደ ቀዩ መውጣት ጀመረ። ይህኛው የእኔ ሥራ ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታት አንድ በር ብቻ አይደለም። ሲከፈት ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፤ ከታች ባለው ሳህኑ ደግሞ ውሃው ራዲያተር ሳይነካ ተመልሶ ወደ ሞተሩ የሚገባበትን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥታችሁ ስትጥሉት አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ከጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። «ሙቀት ያፍናል» ተብሎ የወጣው ዕቃ ሙቀት አመጣ ማለት ነው። አዲስ ቴርሞስታት ገዝተን ከመግጠማችን በፊት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለን አፈላነው፤ ሲከፈት ዓይናችን እያየ ነው። አክስቴ «ደግሞ ብረት መቀቀል ጀመራችሁ?» ብለው ሳቁብን። ከተገጠመ ወዲህ መርፌው ከመሐል ንቅንቅ አላለም። በሬው ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ አስተያየቴ ይህ ነው። ትምህርት ክፍላችን መፍታትና መግጠም በደንብ ያስተምረናል። ቴስታታ አውርዶ በቅደም ተከተል አጥብቆ መመለስ፣ የቫልቭ ክፍተት መለካት፣ ይህን ሁሉ ከማንም አናንስም። የተግባር ፈተናውም በዚሁ ላይ ነው፤ ሰዓት ይያዛል፣ ማን ቶሎ ፈታ ይባላል። ባለመፍታቱ ነጥብ ያገኘ ሰልጣኝ ግን እስካሁን አላየሁም። ጋራዡም እንደዚያው ነው። መካኒኩን ልወቅሰው አልፈልግም፤ እሱም እንደኛ ነው የተማረው። ደግሞ አንድ ጊዜ ስንጨዋወት «ለማየት ማን ይከፍላል? ሰው የሚከፍለው ለፈታህለት ነው» ብሎኛል። ይህ እውነት ነው፤ ቀላል መልስም የለውም። ግን ለሃያ ደቂቃ ምርመራ ትንሽ ገንዘብ የሚያስከፍል አንድ ሰው ከተገኘ፣ በሬ ያልሸጠ ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል ብዬ አምናለሁ።

ምርመራውም ከባድ ሆኖ አይደለም። ውሃ ይጎድላል የተባለች መኪና ስትመጣ መጀመሪያ በቀዝቃዛነቷ ማየት ነው። ውሃ የፈሰሰበት ቦታ ሲደርቅ ነጭ ወይም ዝገት የመሰለ ምልክት ይተዋል። ይህን በባትሪ መብራት መከተል ነው፤ ማኒኮቶዎቹ የሚታሰሩበት፣ የራዲያተሩ ፕላስቲክና ብረት የሚገናኙበት፣ በተለይ ደግሞ ከውሃ ፓምፑ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ። ያቺ ቀዳዳ የተሠራችው ፓምፑ ሲያረጅ እንድትናገር ነው፤ ብዙ ሰው ግን በማስቲሽ ይደፍናታል። አፍ የያዘ ሰው በሽታውን እንዴት ይናገር? ጓርኒሲዮን ከተጠረጠረም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ ማስነሳት ነው። ገና ሳይሞቅ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ የላይኛው ማኒኮቶም ክዳኑ ተዘግቶ በደቂቃዎች ውስጥ ከጠጠረ፣ ያኔ ጥርጣሬው ልክ ነው። ዘይቱ ወተት የቀላቀለ ቡና ከመሰለማ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠናከራል። በጋለ ሞተር ላይ የታየ አረፋ ግን ምስክር አይሆንም፤ የፈላ ውሃ መንቦጫረቁ ምን ይገርማል?

መቼ እንደምትፈላ ሾፌሩን መጠየቅም አለ። ቆማ ወይም በዝግታ ስትወጣ ብቻ ከሆነ ፋኑን ነው የምጠረጥረው። ሜዳ ላይ በፍጥነት ስትሄድም ከሆነ ራዲያተሩ በዝቃጭ ተደፍኗል፣ ወይም ፊቱን አቧራና ገለባ ሸፍኖታል። አንድ ሾፌር ራዲያተር ሲያፈስበት እንቁላል ሰብሮ ሲጨምር አይቻለሁ። ለዚያች ሰዓት ልጅ አዋቂ ያስብላል፤ ነገ ግን ያው እንቁላል የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል።

«አሮጌ መኪና እኮ ጊዜው አልፏል፣ ለምን እንደክምበታለን?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን የተገላቢጦሽ ነው የሚታየኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባ ላይ ሲበዛ፣ ወልድያ፣ ኩልመስክ፣ ላሊበላ ላይ ያሉት አሮጌዎች እየተጠገኑ ነው የሚኖሩት። (ለነገሩ ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ መኪኖችም ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዝ ኩላንት፣ ፓምፕና ማኒኮቶ አላቸው። ከዚህ ትምህርት የሚያመልጥ የለም።)

ኩላንቱስ ውድ ነው ትሉኝ ይሆናል። ውድ ነው። ቢቻል ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ነው የሚደረገው፤ ለባትሪ የሚሸጠው ውሃ ለዚህ ይሆናል። ካልተቻለ የዝናብ ውሃ፣ እሱም ከሌለ አፍልቶ ያቀዘቀዙትና ከላይ የተቀዳ ውሃ ከወንዝ ውሃ በብዙ ይሻላል። አጎቴ አሁን ከቤታቸው ቆርቆሮ ሥር በርሜል አስቀምጠዋል።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊና መምህራንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከተግባር ፈተናዎቻችን አንዱ ሳይፈቱ የመመርመር ፈተና ይሁን። ሰልጣኙ ቁልፍ ከመያዙ በፊት ያየውን፣ የጠረጠረውንና ለምን እንደጠረጠረ በወረቀት ይጻፍ። የግፊት መሞከሪያ የለንም ከተባለ መሥራት ይቻላል። የድሮ ክዳን ስፕሪንጉን አውጥቶ፣ መሐሉን በስቶ ጎሚስታ ቤት ከተጣለ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቫልቭ ማሰር፣ ከዚያ ትርፍ ቱቦውን ዘግቶ ጌጅ ባለው የብስክሌት ፓምፕ የመኪናው ክዳን ላይ ከተጻፈው ቁጥር ሳያልፉ መንፋት። ግፊቱ ከወረደ ያፈሳል፤ የሚያፈስበትንም እዚያው ዓይናችን ያየዋል። ከወርክሾፑ ጀርባ ያለው የቆመ ሞተር ለዚህ ይበቃል። ፓምፑን ከሰፈር እለምናለሁ፤ ክዳኑ እኔ ዘንድ አለ።