«ጋዙ አልቋል» የተባለው ኤሲ



በሰሜን ቴክሳስ ሰኔ ሲጠባ ወደ ስልኬ የሚደወለው ስለ ኮምፒውተር መሆኑ ይቀርና ስለ መኪና ኤሲ ይሆናል። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ዘመድ አዝማዱ ግን «መሐንዲስ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው የሰማው። ጥያቄው ከዓመት ዓመት አይለወጥም፦ «ኤሲው ሙቅ አየር ይተፋል፤ ጋዙ አልቆ ይሆን?»

መልሱን ከወዲሁ ልናገር። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ነገር ነው። በብዙ ዓመት ውስጥ በጎማ ቱቦዎቹና በመጋጠሚያዎቹ በኩል ትንሽ ትንሽ ይተናል፤ አምና ተሞልቶ ዘንድሮ ከጠፋ ግን ቀዳዳ አለ። ጋዙ ካልቀነሰ ደግሞ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ እላዩ ላይ መጨመርም ነገር ያባብሳል።

አዲስ አበባ ላደግን ሰዎች የመኪና ኤሲ ቅንጦት ነበር። መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃል። መተማ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ የኖረ ሰው ነው ቁም ነገሩን የሚያውቀው። እዚህ እኛ በምንኖርበት በሪቻርድሰንና በዳላስ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ሙቀቱ 100 ዲግሪ ፋራናይትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ቀናት 71 ነበሩ። በ1980 ዓ.ም. ጁን 26 እና 27 ቀን ደግሞ 113 ፋራናይት ተመዝግቧል፤ በሴልሺየስ 45 ማለት ነው። የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በአሥር ደቂቃ ብቻ ወደ 20 ፋራናይት ገደማ ይጨምራል። ከኋላ ወንበር ሕፃን ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንት ካሉ ነገሩ የምቾት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት ሰውነት ሙቀትን የመቋቋም አቅሙን ይቀንሰዋል።

አሠራሩን ለመረዳት ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት በአልኮል ስትጠርገን ቆዳችን ይቀዘቅዛል፤ አልኮሉ ሲተን ሙቀታችንን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ከወጥ ቤት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ስለዚህ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ ይፈላል። ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ ቶሎ ይፈላል፣ ግፊት ሲጨምር ይዘገያል። ኤሲ ማለት እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሲሠሩ ነው። አር 134 ኤ የሚባለው ጋዝ በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። ከክሩስኮቱ ጀርባ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ግፊቱ ዝቅ ይልና ይፈላል፣ የመኪናውን ውስጥ ሙቀትም ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ ያንን ጋዝ ጨምቆ ከራዲያተሩ ፊት ወዳለው ኮንደንሰር ይልከዋል፤ እዚያ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ እንደገና ወደ ኢቫፖሬተሩ ይገባል። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የኔ መኪና ለማስተርስ ወደዚህ ስመጣ የገዛኋት 2008 ሞዴል ናት። ባለፈው በጋ አስቸጋሪ ጠባይ አመጣች። ጠዋት ኤሲው እንደ በረዶ ነው። ከሰዓት በኋላ በ75 አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ሲጨናነቅና ሞተሩ ሲግል ድንገት ሙቅ አየር ይመጣል። አቁሜ ግማሽ ሰዓት ካሳረፍኳት ተመልሶ ይሠራል። ከጎንደር ልትጠይቀን የመጣች አማቴ «ይህ መኪና ፀባዩ እንደ ሰው ነው» ትል ነበር። የወሰድኩበት ጋራዥ አሥር ደቂቃ ተመልክቶ «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፣ 1,350 ዶላር» አለኝ። መኪናዋ ራሷ ብትሸጥ ከ4,000 አትዘልም።

በሥራዬ አንዳንዴ ብቻ የሚከሰት ስህተት ከሁሉ ይከብዳል፤ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ያለው «መቼ?» የሚለው ጥያቄ ውስጥ ነው። ለኤሲም እንዲሁ ነው። መኪናው ሲሮጥ የሚቀዘቅዝ፣ መብራት ላይ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ ኮንደንሰሩ ላይ አየር አልደረሰም፤ መጀመሪያ ቬንትሌተሩ መዞሩን ማየት ነው። ኮንደንሰሩ ራሱ በአቧራና በፌንጣ ተደፍኖ ሊሆንም ይችላል፤ ግፊት በሌለው ውኃ ቀስ ብሎ ማጠብ ብቻ የሚያድነው ስንቱ ነው! አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ደካማ ከሆነ ከጓንቲ መያዣው ጀርባ ያለውን የአየር ማጣሪያ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ሾፌሩ ጋ ቀዝቃዛ፣ ተሳፋሪው ጋ ሙቅ ከሆነና ከክሩስኮቱ ሥር «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለ ቀዝቃዛና ሙቅ አየር የምታደባልቀው ትንሿ በር ናት፤ ጋዝ ቢሞላ ምንም አይፈይድላትም። በነገራችን ላይ ከመኪናው ሥር ውኃ ሲንጠባጠብ የሚደነግጡ አሉ። ያ ጤና ነው፤ ከአየሩ የወጣ እርጥበት ነው። ውኃው ከውስጥ ምንጣፉን ካራሰ ግን የመውረጃ ቱቦዋ ተደፍናለች።

የኔዋ ከእነዚህ በአንዱም አልተገኘችም። ሰፈራችን ድሮ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በመካኒክነት የሠሩ ሰው አሉ።

«ጋሼ፣ ኮምፕሬሰሩ ሞቷል አሉኝ» አልኳቸው።

«ማን ለካው?»

«የለካው የለም።»

«እንግዲያው ሳትለካ አትቅበረው፣ ልጄ።»

ኮፈኑን ከፈትን። ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ቺንጋ ነው፤ ቺንጋው ሁልጊዜ ይዞራል፣ ኮምፕሬሰሩ ግን የሚዞረው ከፊቱ ያለው ፍሪሲዮን በኤሌክትሪክ ማግኔት ሲያዝ ብቻ ነው። ኤሲ ስታበሩ «ቀጭ» ብሎ ሲይዝ በዓይን ይታያል፣ በጆሮም ይሰማል። ካልያዘ ቀድመው የሚታዩት ርካሾቹ ናቸው፦ ፊውዙ፣ ከዚያ ሪሌዩ። ብዙ መኪና ላይ የጡሩምባው ሪሌይ ከኤሲው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አቀያይሮ መሞከር አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ጋዝ በጣም ከጎደለ ደግሞ የግፊት መቆጣጠሪያው ራሱ ኮምፕሬሰሩን ያስቆመዋል። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዞር፣ መቆጣጠሪያው ይህን የሚያደርገው ሊያድነው ብሎ ነው። ስለዚህ «አይዞርም» እና «ሞቷል» ለየቅል ናቸው። ያንን መቆጣጠሪያ በሽቦ አገናኝቶ በግድ ማስነሳት የሚወዱ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ መኪናዬን አልሰጣቸውም።

ከሰዓት በኋላ፣ ኤሲው እንዳቆመ፣ ፍሪሲዮኑ ጋ የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ ለካን፤ ሙሉ 12 ቮልት አለ። ትእዛዙ ደርሷል ማለት ነው፤ የሚፈጽመው ነው የጠፋው። ጋሼ በረጅም የመጥረጊያ እንጨት የፍሪሲዮኑን ፊት ገፋ አደረጉት። «ቀጭ!» ቀዝቃዛው አየር መጣ። (ይህን ስታዩ ቺንጋው እየዞረ መሆኑን አትርሱ። እጅጌ፣ ነጠላ፣ የአንገት ሐብል ከአጠገቡ ይራቅ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪሲዮኑ በዓመታት ሲበላ በእሱና በማግኔቱ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። የማግኔቱ መዳብ ጠመዝማዛ ሲግል ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ጠዋት ሲበርድ ክፍተቱን አልፎ ይስባል፤ ከሰዓት ሲግል አይችልም። ለዚያ ኮምፕሬሰር የሚፈቀደው ክፍተት ቢበዛ 0.65 ሚሊ ሜትር ነው፤ በስስ ብረት ስንለካው 0.9 ሆኖ ተገኘ። በ10 ቁጥር መፍቻ ተፈታ፣ ከውስጥ ካሉት ስስ ሮንዴላዎች አንዷ ወጣች፣ ተመልሶ ታሠረ። የወጣብን አንድ ማሰሮ ቡና ነው። ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም፤ ፍሪሲዮኑ ጨርሶ ከተበላ መቀየር አለበት፣ አንዳንድ አዳዲስ መኪናዎችም ጭራሹን ይህ ዓይነት ፍሪሲዮን የላቸውም።

አሁን ወደ ጋዙ ልመለስ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስሰው እዚህ ላይ ነውና። ከመለዋወጫ ሱቅ የሚገዛው ጣሳ ላይ ያለችው አንዲት ጌጅ የምታሳየው የዝቅተኛውን ወገን ግፊት ብቻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካማ ጭራሹን ስለ መጠኑ አትናገርም፦ በ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ላይ ቧንቧው ውስጥ 200 ግራምም ይኑር 600 ግራም፣ የተወሰነ ፈሳሽ እስካለ ድረስ መርፌዋ 100 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ላይ ትቆማለች። ሻይ ማንቆርቆሪያ ግማሽም ይሁን ሙሉ የሚፈላው በአንድ ሙቀት እንደሆነ ማለት ነው። ለዚህ ነው ትክክለኛው መጠን በክብደት የሚለካው፤ ከኮፈኑ ሥር ያለው ተለጣፊ ወረቀት በግራም ወይም በአውንስ ጽፎታል።

ቁም ነገር የሚናገሩት ሁለቱ ጌጆች አንድ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ ሲነበቡ ነው። ብዙ የመለዋወጫ ሱቆች በመያዣ ያውሱናል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ ጎድሏል። ሁለቱም ከልክ በላይ ከወጡ ጋዝ በዝቷል፣ ወይም ኮንደንሰሩ አየር አላገኘም። ዝቅተኛው ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ ብሎ ከተቀራረቡ ያኔ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል ብንል ያምርብናል። 1,350 ዶላር የጠየቀኝ ጋራዥ ሁለቱን ቁጥሮች ቢያነብ ኖሮ ኮምፕሬሰሩ በሚዞርበት ጊዜ ሁሉ ደኅና መጨመቁን ባየ ነበር።

ጋዝ በእርግጥ ከጎደለ ቀዳዳው ይፈለግ። ዘይቱ ከጋዙ ጋር ስለሚወጣ መጋጠሚያ ላይ አቧራ የያዘ የዘይት እድፍ ካያችሁ ደርሳችሁበታል። ካልታየ የሚያበራ ቀለም ተጨምሮ በሰማያዊ መብራት ይፈለጋል። ከተጠገነ በኋላ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት፤ ግፊቱ እጅግ ሲወርድ ውስጥ የቀረ ውኃ በተራ ሙቀት ፈልቶ ይወጣል፣ የአዲስ አበባው የ92 ዲግሪ ታሪክ እስከ ጥጉ ሲሄድ ማለት ነው። ፓምፑ ቆሞ መርፌዋ ከተንቀሳቀሰች ቀዳዳው አልተደፈነም። «ቀዳዳ ይደፍናል» የሚል ፈሳሽ ያለበትን ጣሳ ግን አትግዙ። የጋራዡን ማሽን ስለሚያበላሽ ቀጥሎ የምትሄዱበት ባለሙያ መኪናችሁን አልነካም ሊላችሁ ይችላል።

ጋዙን ወደ አየር መልቀቅ በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው፤ በክፍያ የሚሠራም ሰው በንጹሕ አየር ሕጉ ክፍል 609 መሠረት የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። አንድ ኪሎ አር 134 ኤ በመቶ ዓመት ውስጥ ምድርን የሚያሞቀው እንደ 1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አዳዲሶቹ መኪናዎች አር 1234 ዋይ ኤፍ ወደሚባለው የዞሩት ለዚህ ነው፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ «ሞልተን እንሞክረው» የሚለው ልማድ እዚያ ኪስ ይጎዳል።

ስለዚህ ጋራዥ ስትሄዱ «ጋዝ ሙሉልኝ» አትበሉ። «ኤሲው መቼ መቼ ነው የሚያቆመው» የሚለውን ጽፋችሁ ስጡ፣ የሁለቱን ጌጅ ቁጥርና ከመሙላታቸው በፊት የወጣውን ጋዝ ክብደት ወረቀት ላይ አስጽፉ። ኢቫፖሬተሩ ነው የሚሾልከው ካሏችሁ ሙሉ ክሩስኮቱ ሊፈታ ስለሚችል የእጅ ዋጋው ከዕቃው ይበልጣል፤ በአሮጌ መኪና ላይ ያኔ መተው ይሻላል ባይ ነኝ።

እስኪሠራ ድረስ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። «ኤሲው በርቷል» ብላችሁ ሕፃን ከኋላ አስቀምጣችሁ ሱቅ አትግቡ፣ ለሁለት ደቂቃም ቢሆን። የኔዋ መኪና ፍሪሲዮኗን ስትለቅ አየር መንፋቷን አላቆመችም፤ ክሩስኮቱ ላይ ያለችው የኤሲ መብራትም አልጠፋችም።