ዓሣ ነባሪን ማን ጨረሰው?

ብዙዎቻችን ዓሣ አንበሪን የምናውቀው ከዮናስ ታሪክ ነው፤ ሰው ሲውጥ። እኛ ዛሬ የምናወራው ግን አንበሪን ስለዋጡ መርከቦች ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ሆላንድ የምግብ ዘይትና ቅቤ አጥሯት ነበር። በ1946 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዲት ነዳጅ ጫኝ መርከብ ወደ ፋብሪካ ተለውጣ፣ «ቪለም ባሬንትስ» ተብላ ከአምስተርዳም ወደ አንታርክቲክ ተላከች። ለማርጋሪን የሚሆን ዘይት ልታመጣ።

ሥራው እንዲህ ነው። ትናንሾቹ አዳኝ መርከቦች ፈንጂ ያለበት ጦር በመድፍ ይተኩሳሉ። የሞተው እንስሳ እንዳይሰምጥ አየር ይሞላል፤ ከዚያ በእናት መርከቧ ጀርባ ባለው ተዳፋት በዊንች ተጎትቶ ይወጣል። ረጅም እጀታ ያለው ቢላ የያዙ ሰዎች ስቡን ይገፉታል፣ ሥጋና አጥንቱ ተቆራርጦ ከወለሉ በታች ወዳለው ማብሰያ ይጣላል። ፈረቃው 12 ሰዓት ነው። ደም፣ ስብና በረዶ በአንድ ወለል ላይ! ሽታውን ለእናንተ ትተናል። ከደመወዙ በላይ ጉርሻ አለ፤ ጉርሻው የሚታሰበው በዘይቱ ልክ ነው።

እነዚህን ሰዎች ጨካኝ ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኛ ግን አንስማማም። ከጦርነት የወጣ ወጣት ሥራ ሲያገኝ እምቢ ይበል? ጥፋቱን የምንፈልገው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው። ለአንታርክቲክ በዓመት 16,000 «የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ መለኪያ» ተፈቀደ። በዚህ ስሌት አንድ ሰማያዊ ከስድስት «ሴይ» ዓሣ ነባሪዎች ጋር እኩል ነው። አስቡት፤ እየጠፋ ያለውም የተረፈውም በዘይቱ ብቻ ሲመዘን፣ ብርቅየውን ማን ይምረዋል? ኮታው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ለየአገሩ ስላልተከፋፈለ ሁሉም ቀድሞ ለመግደል ሮጠ።

ሆላንድ በ1955 በዚያው ስም አዲስ መርከብ አሠራች። ውድ መርከብ ደግሞ ባዶዋን አትመለስም። ኮታው ይቀነስ ሲባል፣ የአምስተርዳሙ ፕሮፌሰር ስሌይፐር ለመቀነስ የሚያበቃ በቂ ማስረጃ የለም ብለው ተከራከሩ። ሳይንቲስት መጠራጠሩ ሥራው ነው፤ እሱን አንነቅፍም። የሚያናድደን ጥርጣሬው ሁልጊዜ ለመርከቧ መፈረዱ ነው። ለምን አንዴ እንኳ ለእንስሳው አልተፈረደም?

በ1959 ሆላንድ ከዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ወጣች፤ በ1962 ተመለሰች። በ1964 ደግሞ አደኑን ተወችው። የራርታ እንዳይመስላችሁ፤ ኪሳራ ነው። ድርሻዋን ለጃፓን ሸጠችው።