የተዘጋ መዝገብ አደራ ነው

ፍርዱ ተነቦ የተዘጋ መዝገብ ሥራው ያለቀ ይመስላል። አባቶቻችን ግን የርስትና የጉልት ነገር በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግ ጭምር ጽፈው በቤተ ክርስቲያን ያኖሩ የነበረው፥ ምስክር ቢሞት ጽሕፈት እንዲመሰክር ነው። ዛሬ መዝገብ ከወረቀት ወደ ሶፍትዌር በመግባቱ፥ ቀን ከተቀጠረለት ኮምፒዩተሩ ያለ ሰው እጅ ሊደመስሰው ይችላል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 6፥ ፍርዱ በሐሰተኛ ሰነድ፥ በሐሰት ምስክር ወይም በመማለጃ የተሰጠ መሆኑ በኋላ ቢገለጥ፥ ነገሩ እንደገና እንዲታይ ይፈቅዳል። መዝገቡ ከጠፋ ይህ መብት በምን ይረጋገጣል?

ሁሉን ለዘለዓለም ማኖርም ደግ አይደለም፤ የቤተ ሰብና የሕፃናት ገመና በማይገባው ሰው እጅ ይወድቃልና። ስለዚህ ለየነገሩ ዓይነት የማቆያ ዘመን ይወሰን፤ ይግባኝ ወይም አፈጻጸም ያለበት መዝገብ እንዳይነካ ይታገድ። ዘመኑ ሲፈጸም ኮምፒዩተሩ ያስታውስ እንጂ አይፍረድ፤ መርምሮ የሚያስጠፋው ሹም በስሙ ይፈርም። ፍርዱ ራሱ ይቀመጥ፤ የጠፋው መዝገብ ቁጥር፥ ቀኑና ምክንያቱም ይጻፍ። ቅጂው በሌላ ስፍራ ከቀረ ጠፋ አይባልም።

የሕዝብ መዝገብ አደራ ነው፤ ሳይመረምር የሚያጠፋው ሹም ድኻውን ያለ ምስክር ያስቀረዋል።